የባለቤቴ ኮምፒውተር ዛሬ ተነሳ

አዲሱን ማዘርቦርድ ገጥሜ ሳበራው ኮምፒውተሩ ተነሳ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቀን ግን ባለቤቴ በሕይወት የነበረበት ነው።

የኮምፒውተሩ ሰዓት ባትሪ አልቆ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው፤ አውቃለሁ። ቪዲዮ እያየሁ ነው የሠራሁት፤ አንድ ብሎን ተርፎኛል።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች "የሞተ ነገር ቀስቅሰሽ ምን ልትይው ነው?" አሉኝ።

ያን የመጨረሻ ቀን ባለቤቴ "ደረቴን ይወጋኛል" ሲለኝ፣ "ይቺን ገጽ ልጨርስ" ብዬ ንባቤን ቀጠልኩ። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ሳይመሽ ሞተ። ፋይሉ በስሜ ነው የተቀመጠው፤ ከፍቼው አላውቅም።

ክረምት ላይ መብረቅ የቀድሞውን ማዘርቦርድ ሲያቃጥለው እፎይ ብዬ ነበር። ፋይሉ ያለበት ዲስክ ግን ተርፎ ነበር፤ እፎይታው አልቆየም።

አሁን በማንኪራ ጫካ በኩል ሰማዩ እያጉረመረመ ነው። ሶኬቱን ከነቀልኩት ነገ ለማብራት የምደፍር አይመስለኝም።

እናንተስ፣ ሳትከፍቱ ያቆያችሁት የሟች ጽሑፍ አለ? ከፍታችሁት ከሆነ፣ ዝናቡ ሳይደርስ ንገሩኝ።