አማቴ የጨመሩት ሁለት ኪሎ

ባለቤቴ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። ትንሿን ልጃችንን የምናሳድገው እኔና አማቴ፣ የባለቤቴ አባት ነን። ስለዚህ እሳቸው የአንጀት ካንሰር ሲገኝባቸው ሥራዬን ትቼ ይዣቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ደብረ ብርሃን ያየቻቸው ዶክተር «በጣም ከስተዋል። በዚህ አቅማቸው ቀዶ ጥገናውን አይቋቋሙትም። እንቁላል ይብሉ፣ ወተት ይጠጡና በሁለት ሳምንት ይምጡ» አለች።

አማቴ ጎረቤላ ገበያ በግ ነጋዴ ናቸው። እንቁላሉን ሁሉ ለልጄ እያጎረሱ ሁለቱ ሳምንት አለቀ። በቀጠሮው ቀን ግን ሚዛን ላይ ሲወጡ ሁለት ኪሎ ጨምረዋል። እኔ በደስታ ላለቅስ ደርሻለሁ። እሳቸው እግራቸውን አጣምረው ያልባቸዋል።

ዶክተሯ ሚዛኑን ትታ የክንዳቸውን ሥጋ ያዝ አድርጋ አየችው።

«በግ መሰልኩሽ እንዴ?» አሉ።

«አባባ፣ እስኪ ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ።»

ቆይተው መጡና እንደገና ተመዘኑ። አንዱ ኪሎ ሽንት ቤት ቀርቷል።

«አሞሌ ጨው ልሰው ነው ውሃውን የጠጡት?» አለች። «አባቴ መዘዞ ገበያ በግ ነጋዴ ነው። በጎቹ ከብደው እንዲታዩ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንዲህ ያደርጋቸዋል።»

አማቴ አቀረቀሩ። እኔም መግቢያ አጣሁ። ሌላ ሁለት ሳምንት ሰጠችን፤ እንቁላሉን ሲውጡ ቆሜ እንድመለከት እኔን አስጠነቀቀችኝ።

አማቴ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ አባትሽ ማን ይባላል?»

ስሙን ነገረቻቸው።

«ይህን ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው» አሉ።