የጋሽ ተሾመ ሰባት ሣጥኖች ተርፈዋል

በጉለሌ ብዙዎቻችንን ሥነ ሕይወት ያስተማሩን መምህር ተሾመ ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። ከረጅም ሕመም በኋላ፣ ያለ ጣር፣ በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት። ልጃቸው ይህን ስትነግረኝ ከእንባዬ የቀደመው «ተመስገን» ማለቴ ነበር።

ጋሽ ተሾመ ጡረታ ከወጡ በኋላም ሥራ አልፈቱም። ከጉለሌ እስከ ሸጎሌ ባሕር ዛፍ ሥር እየተንበረከኩ አንድ የጥንዚዛ ወገን እየሰበሰቡ በእንጨት ሣጥኖች ይደረድሩ ነበር። ለማያውቁት ላስረዳ። ይህ ጥንዚዛ በጀርባው ሲወድቅ አጫጭር እግሮቹ መሬት አይደርሱለትም። ደረቱ ሥር ግን ችካል መሳይ ነገር አለችው፤ ወጥሮ በአንዴ ሲለቃት ቀጭ! ብሎ ወደ ላይ ይፈናጠራል። በዓለም ላይ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ዓይነት አለው። በደቡብ አሜሪካ በጨለማ የሚያበራ አለ፤ በሰሜኑ ደግሞ ጀርባው ላይ ትልልቅ የሐሰት ዓይኖች ያሉት። «የሌላውን አገር ሰዎቹ ቆጥረውታል» ይሉ ነበር፤ «የእኛን ማን ይቁጠርልን?»

ተማሪ ያንኑ የተለመደውን ቡናማ ጥንዚዛ ለአሥረኛ ጊዜ ቢያመጣላቸው እንኳ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ይቀበሉ ነበር። «ዓይነቱ አለኝ፤ ከእናንተ ጓሮ የመጣ ግን የለኝም።»

እኔም እንደ እሳቸው መምህርት ሆኛለሁ፤ ሆስፒታል ስጠይቃቸው ስለ ሕመማቸው አላነሡም።

«መምህርት፣ ሣጥኖቹን አደራ። ሌላ ቅጂ የላቸውም።»

«ትምህርት ቤት አስቀምጬ ለልጆቹ አስረዳቸዋለሁ» አልኳቸው።

«አስረጂ፤ ግን አታስረዝሚው። ጥንዚዛዎቹ ደርቀዋል፣ ልጆቹን ደግሞ አታድርቂብኝ።»

ከቀብር ስንመለስ የእድሩ ሰዎች ለቀስተኛ እንዲቀመጥበት ሳሎኑን ባዶ አድርገውታል። ሰባቱ የእንጨት ሣጥኖች የሉም።

«የት ሄዱ?» አልኩ።

«ያ ተባይ የወረረው?» አለኝ ወንበር የሚደረድረው ጎረምሳ። «ክዳኑን ብከፍተው ጥንዚዛ በጥንዚዛ! ጓሮ አውጥተነዋል፤ እትዬ ጽጌ ከቆሻሻው ጋር ያቃጥሉታል።»

ነጠላዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። ከቤቱ ጀርባ ጭስ ይታየኛል። እሳቱ ዘንድ ስደርስ የሚነደው ደረቅ ቅጠል ብቻ ነበር። ጎረቤታቸው እትዬ ጽጌ አንዱን ሣጥን ጭናቸው ላይ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልወረውረው ስል ገለጥ አደረግኩት» አሉኝ። «እስቲ ነይ አንብቢልኝ፤ ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ስሜ ነው?»

ከጥንዚዛው ሥር፣ በመርፌ በተወጋች ጥፍር በምታክል ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጉለሌ፣ ከድንች ሥር። ያገኙት ወይዘሮ ጽጌ።»

«ውይ ጋሽ ተሾመ! ድንቼን የሚቦረቡረው ቢጫ ትል እኮ ነው! እየተራገምኩ ነው የሰጠኋቸው!»

ትሉ የዚሁ ጥንዚዛ ልጅ መሆኑን፣ ጋሽ ተሾመም አፈር ባለበት ጠርሙስ አሳድገውት እንደሚሆን ማስረዳት ጀመርኩ። እትዬ ጽጌ ግን አልሰሙኝም፤ እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። ሌሎቹንም ከፈትን። የተማሪ፣ የዘበኛ፣ የእንጨት ተሸካሚ ስም፤ ሁሉም ተጽፏል። ሣጥኖቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርን፤ ሰባት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ጋሽ ተሾመ፣ ሣጥኖችዎን እኔና እትዬ ጽጌ በሚኒባስ ጭነን አዲሱ ገበያ ከትምህርት ቤታችን አድርሰናል። እትዬ ጽጌ ስማቸው ያለበትን እስከ መጨረሻው ከጭናቸው አላወረዱትም። ሁለት ጥንዚዛዎች እግራቸው ተሰብሯል፤ ይቅር ይበሉን። ከወረቀቶቹ አንድም አልጎደለም። ያስቀመጥኩባቸው ቁም ሣጥን ይቆለፋል፤ ብል እንዳይገባም መድኃኒት አድርጌበታለሁ። በሕመምዎ ሁሉ ያሳሰበዎት ይህ ብቻ ነበርና፣ አሁን ሐሳብዎም እንደ ሰውነትዎ ይረፍ። ደኅና ይተኙ፣ መምህሬ።