አብሾ አለብኝ እያልኩ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ጥር ላይ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ ነው። ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ያውም ራቁቴን ሆኜ፣ ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ዝና በሰው ፊት ወለቀብኝ። እኔ ባልጽፈው ባለቤቴ ጥሩነሽ ለሰፈሩ ሁሉ ማውራቷ አይቀርም። ከሷ ከምትሰሙት ከኔው ስሙት።

ዝናዬ አብሾ ነበር። አብሾ የቄስ ተማሪ ትምህርቱ እንዲገባውና እንዳይጠፋው ይጠጣዋል የሚባል የቅጠል ጭማቂ ነው። ቅጠሉ አስተናግር የሚባለው፣ ከፈረሰ ቤትና ከቆሻሻ ቦታ የሚበቅለው ነው ይላሉ። ሰው ያሳብዳል። አንዴ ከጠጡት ደግሞ ከደም አይወጣም፤ ጠላ ወይም አረቄ ሲቀመስበት ይነሳል፣ ያስለፈልፋል ይባላል። በኛ አገር «እሱኮ አብሾ አለበት» የተባለን ሰው የሚነካው የለም።

ልጅ ሆኜ ጉና ሥር ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ጠዋት የያዝኩትን ፊደል ማታ አላገኘውም። መምህራችን ሲሰለቹኝ ዘመነ የሚባል ትልቅ ተማሪ «አብሾ ላጠጣህ» አለና አንድ ጣሳ አረንጓዴ መራራ ነገር አጠጣኝ። ሦስት ቀን ተኛሁ። ግድግዳው ሲራመድ አየሁ። በጎች በስሜ ጠሩኝ። ስነሳ ግን ፊደሉ እንደ በፊቱ ነው፤ ዳዊት ሳልደርስ ወደ አባቴ እርሻ ተመለስኩ። አብሾው ግን አብሮኝ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ጠቅሞኛል። ማኅበር ላይ ሁለት ጣሳ ጠላ ስጠጣ ድምፄ ይወፍራል። ሰዉ «ተነሳበት» ብሎ ፈቀቅ ይልልኛል። ያኔ ለቄሱም ለሊቀመንበሩም በሆዴ ያለውን እነግራቸዋለሁ። በማግስቱ የሚወቅሰኝ የለም፤ እንዲያውም «ተሻለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ከዚያ የጥሩነሽ ታናሽ ወንድም አለምነው ሴት ልጁን ዳረ። ዳሱ ሰፊ፣ የታረደው ሁለት ሰንጋ፣ ሙዚቃው ከደብረ ታቦር በመኪና የመጣ። እኔ ልጄን ስድር ያረድኩት አንድ በግና አንድ ፍየል ነበር። ጠላውን ደጋገምኩና ተነሥቼ በሙሽራው ዘመዶች ፊት «ይህ ሁሉ የመጣው የኔን ድንበር ገፍቶ ካረሰው ነው!» አልኩ። የሙሽራው አባት ጣሳውን አስቀምጦ ወጣ። ሽማግሌዎች ሮጠው ባይመልሱት ሠርጉ ፈርሶ ነበር።

አለምነው ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ጥሩነሽ ወንድሟን የምታየው ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነበር፤ እኔ ብቅ ስል ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። «ይቅርታ ጠይቅ» ያለኝን ሁሉ «እኔ ምን አደረግኩ? የተናገረው አብሾው ነው» ብዬ እመልሰው ነበር።

አምና እንግዲህ ጉልበቴ አላራምድ ሲለኝ ከጥሩነሽ ጋር ወንዛዬ ወረድን። ሴቶቹ በወዲያ፣ ወንዶቹ በወዲህ ይነከራሉ። ከደብረ ታቦር የመጡ ጎረምሶች ውሃው ውስጥ ሆነው ስለ ጫት ይጨቃጨቃሉ።

«ጫት ደግሞ ምን አላት!» አልኳቸው። «እኔ አብሾ የጠጣሁ ሰው ነኝ።»

ከበቡኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ጀመርኩላቸው። በጎቹ ስሜን ሲጠሩ ስደርስ፣ እስከ አንገታቸው የተነከሩ አንድ ሽማግሌ ውሃው እስኪናወጥ ሳቁ።

«አንተ ታከለ አይደለህም? ያ ፊደል ጣዩ?»

ያ ዘመነ፣ ዛሬ መሪጌታ ዘመነ ናቸው። እንዴት ደስ አለኝ! «ይኸው ምስክር!» አልኳቸው ጎረምሶቹን። «ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው።»

«አጠጥቼዋለሁ» አሉ መሪጌታ። «ጎመን ከግራዋ ጋር ወቅጬ።»

«ጎመን?»

«ከመምህራችን ጓሮ የሰረቅሁት ጎመን። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ሦስት ቀን የታመምኩትስ? በጎቹስ?»

«ሆድህን ቆርጦህ ነበር። በጎቹን የፈጠርካቸው አንተው ነህ።»

ጎረምሶቹ በሳቅ ሊሰምጡ ደረሱ። መሪጌታ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «ካንተ በፊት እውነተኛውን የጠጣ ልጅ ልብሱን ጥሎ ገደል ለገደል ሲሮጥ ሁለት ቀን ፈልገነዋል። ስናገኘው እናቱን አልለያትም። አንተ ደግሞ አንድ ፍሬ ልጅ ነበርክ። በምን አንጀቴ ልስጥህ?»

እግራቸው ላይ ወድቄ ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ተቆጣሁ። ከእብደት ስላዳኑት የሚቆጣ ሰው ያየሁት ራሴን ብቻ ነው።

ሱሪዬን ሳልታጠቅ ወሬው ሴቶቹ ዘንድ ደርሷል። ጥሩነሽ ፀጉሯ እንደረጠበ መጣች። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

«ታዲያ ወንድሜን የሰደበው ጎመን ነው?» አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ደብረ ታቦር መናኸሪያ ስንወርድ ቆም አለችና «ያን ቀን የምትናገረውን ታውቀው ነበር?» አለች።

«አውቀው ነበር» አልኳት።

በእሑዱ፣ እንደ ወጋችን ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ አለምነው ደጅ ቆምኩ። ጥሩነሽ ከአጥሩ ውጭ ቀረች። አለምነው ወጣ። መጀመሪያ ያየው ድንጋዩን ነው።

«አያ ታከለ፣ ይቺ ጠጠር ናት?»

«ጉልበቴን አሞኛል።»

«አብሾ የለበትም ሲሉህ ሰማሁ።»

«የለብኝም።»

«ታዲያ ማን ነው የሰደበኝ?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ድንበሬንም አልገፋህም። ሰንጋዎችህ ናቸው ያቃጠሉኝ።»

ትከሻዬ ቀላሉንም ድንጋይ መሸከም አቃተው። በመጨረሻ አለምነው ድንጋዩን አወረደልኝና ወደ አጥሩ ተጣራ፦ «እቴቴ! ምን ውጭ ያስቆምሻል? ግቢ እንጂ!»

ገባች። የሆነውን አልጽፈውም፤ እኔም ዞር ብዬ ጎተራ ሳይ ነበር።

አሁን አለምነው በየበዓሉ ቤታችን ይመጣል። መሪጌታንም ሄጄ እጃቸውን ስሜ አመስግኛለሁ፤ ቢዘገይም። ማኅበር ላይ ጠላዬን እጠጣለሁ፤ ከመናገሬ በፊት ግን ሁለት ጊዜ አስባለሁ። ሰዉ «ታከለ በስተርጅና ሰከነ» ይላል። አልሰከንኩም። የማሳብብበት አጥቼ ነው።