ሰዓቱ ያልደረሰ ጥሪ

ባለፈው ሳምንት አዲስ ኮምፒውተር ገዝቼ ፋይሎቼን ከአሮጌው ሳዛውር፣ ማሽኑ አንዷን ለይቶ «ለዓመታት አልተነካችም፤ ትጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሟ «ወንፊት» ይላል። «አትጠፋም!» አልሁት፤ ለሰው እንደሚመለስ፣ ጮክ ብዬ። ልጄ ከጓዳ ሆና «እማ፣ ማንን ነው የምትቆጪው?» አለችኝ።

ወንፊት ቁንጅና የላትም። አዝራርም ሥዕልም የሌላት፣ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ሲጻፍላት ብቻ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም ናት። ስልክ የሚያደርገውን ሁሉ ለራሱ እየጻፈ ይውላል፤ ባትሪ ቀነሰ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ይህ ተከፈተ፣ ያ ወደቀ። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት ያ ጽሑፍ ዓይን ሊከተለው እስኪያቅተው ድረስ ይጎርፋል። ወንፊት ከዚያ ጎርፍ የተፈለገውን ብቻ አስቀርታ ሌላውን ትጥላለች። የጻፍኋት በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ ነው፤ በእልህ።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል፣ በጣና ላይ የጀልባ ጥሪ የሚያስተላልፍ የስልክ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ደሴት ላይ ያለው ወደብ ጠባቂ ጥሪ ይልካል፤ በቅርብ ያለው ባለጀልባ ስልኩ ይጮህለትና ይሄዳል። አለቃችን አቶ ዳዊት ጎበዝ ሰው ነበሩ። ጉድለታቸው ስክሪን ላይ ያዩትን ሁሉ እንደ ወንጌል መቀበላቸው ነው።

ጥቅምት ላይ ነገሩ ፈነዳ። ደቅ ደሴት ላይ ያሉ ቤተ ዘመዶች ዘጌ ለቀብር ሊሻገሩ በጠዋት ጀልባ ጠሩ። ወደብ ጠባቂው ጥሪው «ደርሷል» የሚል አየና አረጋጋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዳርቻው ላይ ቁጭ አሉ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ጀልባ የለም። ቀብሩ ሳይደርሱ ተፈጸመ። ሠርግ የቀረ ሰው ሌላ ቀን ስጦታ ይዞ ሄዶ ይታረቃል፤ ቀብር የቀረ ምን ብሎ ይታረቃል? ጥሪው የተላከው ጋሽ ሰይድ ለሚባሉ ባለጀልባ ነበር። እሳቸው ደግሞ በዚያው ሰዓት ዘጌ ወደብ፣ ዕቃ አራግፈው ጥላ ሥር አረፍ ብለው ታይተዋል።

ጋሽ ሰይድ ጀልባ ከሚሠሩ፣ ዓሣ ከሚያጠምዱ የሐይቅ ዳር ሰዎች ነበሩ። በማግሥቱ ቢሮ መጡ። ወንበር ብንሰጣቸው እምቢ ብለው ቆሙ።

«ወላሂ አንዲት ድምፅ አልሰማሁም። የደቅን ሰው ለቅሶ አስቀርቼ አላውቅም። አባቴም አስቀርቶ አያውቅም።»

አቶ ዳዊት ስክሪኑን አዞሩላቸው። «ይኸው፣ ‹ደርሷል› ይላል። መሣሪያ አይዋሽም፣ ጋሽ ሰይድ።»

«እንግዲያ እኔ ነኝ የምዋሸው?»

አቶ ዳዊት ዓርብ ከባለጀልባዎቹ ጋር በሚኖረው ስብሰባ ስማቸው ከጥሪ እንደሚወጣ ብቻ ተናገሩ። ከጥሪ መውጣት ማለት ጀልባቸው ታስራ ትቀራለች ማለት ነው። ከዚያ የከፋው «ለቅሶ ያስቀረ» የሚለው ስም ነው፤ በየወደቡ ቀድሟቸው ይደርሳል። ደሜ ፈላ። ንጹሕ መሆናቸውን አውቄ አይደለም፤ ሳይጠየቅ መፈረዱ ነው ያንገበገበኝ።

«ስልክዎን ይስጡኝና ልየው» አልኋቸው ጋሽ ሰይድን።

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ አቶ ዳዊት።

«ይህም ሥራዬ ነው።»

ላፕቶፔን ይዤ ሐይቁ ዳር ወዳለች ዓሣ ቤት ወረድሁ፤ ጋሽ ሰይድም ተከተሉኝ። ሐይቁ ከክረምቱ ድፍርስ ገና አልጠራም ነበር። የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በዳጣ አዘዙና፣ እጄ ሥራ ላይ መሆኑን ሲያዩ እሾሁን እየለቀሙ ከሣህኑ ጥግ ሥጋውን ያከማቹልኝ ጀመር። ስልካቸውን በገመድ አገናኘሁና የሙከራ ጥሪ ላክሁ። የእኔ ስክሪን «ደርሷል» አለ። ስልኩ ግን ጭጭ!

«አየሽ?» አሉኝ።

አየሁ። ግን ምክንያቱን ካላገኘሁ አቶ ዳዊት «የተበላሸ ስልክ ይዞ ማን ሥራ ግባ አለው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ጎርፉን በዓይኔ ልከተል ብል አልተቻለም። እዚያው ወንፊትን መጻፍ ጀመርሁ። መጀመሪያ ዓይኗን አጠበብሁት፣ ምንም አልቀረም። አሰፋሁት፣ ጎርፉ ተመልሶ መጣ። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ ዓሣው በረደ። በመጨረሻ ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት መስመር ብቻዋን ቆመች፤ ጥሪው ተጥሏል፣ ሰዓቱ ገና አልደረሰም ትላለች።

ከእንግሊዝኛ ስተረጉምላቸው ጋሽ ሰይድ ሳቁ። «የቀብር ጥሪ ሰዓቱ አልደረሰም ያለው ማን ነው?»

የስልካቸውን ሰዓት አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ይላል። አገሩም ዘጠኝ ሰዓት ነው። የእኔ ስልክ ግን ሦስት ይላል፤ እኔ በልቤ ዘጠኝ እያልሁ የማነበው። ጋሽ ሰይድ በዚያው ሳምንት የልጅ ልጃቸውን አዝዘው ስልኩን በአገር ሰዓት አስሞልተውታል። ፕሮግራማችን ደግሞ የጥሪውን ሰዓት ከስልኩ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ከእኛ የሄደው ጥሪ ለእሳቸው ስልክ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የመጣ መሰለውና፣ «ደርሷል» የሚለውን መልስ ከላከ በኋላ ድምፅ ሳያሰማ ጣለው። እኛ ሁላችን ፀሐይ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ሰዓት ስንል ያደግን ልጆች፣ ይህን ስንጽፍ አንዳችንም አላሰብነውም።

«ለምን አስቀየሩት?» አልኋቸው።

«ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ሳለ ሰባት ሰዓት ነው የሚለኝን ስልክ ውሸታም ካላልሁት ምን ልበለው?»

ያን ዕለት ሰባታሚት ሰፈር ካለው ቤታችን ስገባ፣ ለፋብሪካ ሲሠራ የኖረው አባቴ ወሬውን ሰምቶ «እንጀራሽን በገዛ እጅሽ ልትገፊው ነው?» አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን እስኪያድር የምጠብቅ ሰው አልነበርሁም።

ዓርብ በስብሰባው መሐል ያቺን መስመር አሳየሁ። አቶ ዳዊት ፊታቸው ፈካ። «በጣም ቀላል ነው! ጋሽ ሰይድ ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ ይመልሱት።»

ተነሣሁ። «አይመልሱትም። የእሳቸው ሰዓት ልክ ነው። የተሳሳተው የእኛ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ይስተካከል። ደቅ ሄደን ጥፋቱ የእኛ ነው የምንለውም እኛ ነን።»

ባለጀልባዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዱ አጨበጨበ። የአቶ ዳዊት ጥሩነት የታየኝ ያን ጊዜ ነው፤ «እሺ፣ እንሄዳለን» አሉ።

ደቅ የተሻገርነው በጋሽ ሰይድ ጀልባ ነው። የሟች እኅት አቶ ዳዊትን እስከ መጨረሻው ሰሙና «ቀብሩን አትመልሱልኝም» አሉ። ልክ ነበሩ፤ አንገታችንን ደፋን። ከዚያ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሩ። «አንተን ክፉ ተናግሬሃለሁ፤ ግባ፣ እህል ቅመስ።» ጋሽ ሰይድ ገቡ። ከዚያ በፊት እንባቸውን አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን አየሁ።

ይኸው ወንፊት ወደ አዲሱ ኮምፒውተሬ ተዛውራለች። ዛሬ ከእሷ የበለጡ መሣሪያዎች ሞልተዋል፤ ይሁኑ። እኔ እስከ ዛሬ የምሠራውን ሁሉ መጀመሪያ የምሞክረው በአገር ሰዓት በተሞላ ስልክ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ «ሰዓቱን እንዲህ የሚሞላ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው» ይሉኛል። እኔም ስልኬን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ይላል፤ የማይስማማው ፕሮግራም ካለ፣ እሱ ይታረም።