ታደሰ የተከለው ሰላጣ

ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ሰላጣ ማጠብ ነበር። ጊዜው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ አበባ ገና ቢጫ ሳለ ነው። ሌላው ሁሉ እየደበዘዘብኝ ሲሄድ ያ ከሰዓት ብቻ ጥርት ብሎ ይታየኛል።

የምንኖረው ሰበታ ነው። ከጓሯችን ግርጌ ወንዝ ያልፋል። ታደሰ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚያች መሬት ላይ ሰላጣና ጎመን እናለማ ነበር። በእኛ ሰፈር አትክልት ታጥቦ ነው ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው። አፈሩ ለቆት፣ ቅጠሉ ውሃ ጠጥቶ ሲያበራ ገዢ ይወደዋል። የሚታጠበውም እዚያው ወንዙ ውስጥ ነው።

ወንዙ እንደ ቀኑ መልኩን ይቀያይራል። ከላይ ፋብሪካዎች አሉ፤ የቤቱም የመጸዳጃውም ፍሳሽ እዚያው ይገባል። አንዳንድ ቀን ሰማያዊ ነው፣ አንዳንድ ቀን የሻይ መልክ ይይዛል፣ አንዳንዴም ነጭ አረፋ ተሸክሞ ይመጣል። ቀድሜ የምነሳው እኔ ስለሆንኩ ታደሰ ገና ከአልጋው ሳይወርድ «ዛሬ ምን ለብሷል?» ይለኝ ነበር። ስለ አንድ ጎረቤት የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው።

ያን ቀን ሁለታችንም ውሃው ውስጥ ቆመናል። አትክልቱን በመኪናቸው የሚጭኑልን ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ከዳር ሆነው ያዩናል።

«ታደሰ፣ እያጠብከው ነው ወይስ እያጠመቅከው?» አሉት።

«ስሙን ገና አላወጣሁለትም» አለ።

እየሳቅን ሳለ ከውሃው ሥር የነበረ ስባሪ ጠርሙስ አውራ ጣቱን ቆረጠው። ቁስሉ ትንሽ ነበር። በጨርቅ አሰረውና የቀረውን አጥቦ ጨረሰ።

በማግስቱ እጁ ቀላ፤ ከዚያም አበጠ። ከጤና ጣቢያ የሰጡት ክኒን ምንም አልለወጠም። አዲስ አበባ ሄዶ ሆስፒታል ተኛ። መርፌውን ቀየሩለት፣ ደግመው ቀየሩለት። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ፣ ቁስሉ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ መድኃኒቶቹን የተላመደ ስለሆነ አልሞት እንዳላቸው ነገረኝ።

ታደሰ በትኩሳቱ መሀል ዓይኑን ገልጦ «ዛሬ ምን ለብሷል?» አለኝ። ከመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው።

«ነጭ» አልኩት።

«ጥሩ» ብሎ ዓይኑን ከደነ። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራንም።

ከአርባው በኋላ ወደ ጓሮ ወረድኩ። ከመታመሙ በፊት የተከለው ሰላጣ ደርሷል። ኦቦ ገመቹ ሊጭኑ መጡ፤ እኔ ግን ልቤ ሁለት ሆነ። ታደሰን የወሰደብኝ ያ ውሃ ከሆነ፣ በእሱ አጥቤ ለሰው ልጅ አላበላም። ውሃው ካልሆነ ደግሞ የእጁን ሥራ እንዴት ነቅዬ እጥላለሁ?

«እኛ ልጆች ሆነን ከዚህ ወንዝ እንጠጣ ነበር» አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

«ያን ጊዜ ግን ልብስ አይቀያይርም ነበር» አልኳቸው። መኪናቸውን ባዶውን ይዘው ሄዱ።

አንድ ማለዳ አረፋው ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ወንዙ የት እንዳለ አይለይም ነበር። በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ጎንበስ ብላ አየሁ። እንቅልፌ ያልለቀቀኝ መሰለኝ። ቀረብ ስል ጓንት አድርጋ ውሃ በጠርሙስ ትቀዳለች።

«ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«ውሃ ነው እናቴ። ትናንት ቡራዩ ነበርኩ፣ ነገ ደግሞ ሱሉልታ እሄዳለሁ።»

መድኃኒት የማይገድላቸው ባክቴሪያዎች ወንዙና አትክልቱ ላይ መኖራቸውን እንደምታጠና ነገረችኝ። ሰላጣም ጠየቀችኝ። ከታደሰ መደብ ቆርጬ እየሰጠኋት የሆነውን ሁሉ አጫወትኳት። ጓንቷን አውልቃ እጄን ያዘችኝ።

«ውጤቱን መጥተሽ ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርዎታለሁ።»

አላመንኳትም። ወንዙን ለክተው፣ ፎቶ አንስተው የሄዱ ብዙ ናቸው፤ ተመልሶ የመጣ ግን አላውቅም።

እሷ መጣች። ሰላጣው ሊያብብ ሽቅብ መመዘዝ ጀምሮ ነበር። ታደሰ ያርፍበት የነበረው ድንጋይ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ውሃውም ቅጠሉም ላይ አግኝተናቸዋል» አለችኝ።

«ባለቤቴን የገደለው ይኸው ነው?»

«እሱን ማወቅ አልችልም እናቴ። ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላም ሊሆን ይችላል። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

ሰውም ከብትም የሚወስደው መድኃኒት ከፍሳሽ ጋር ወደ ወንዝ እንደሚገባ፣ ባክቴሪያዎቹም እዚያው እንደሚላመዱት አስረዳችኝ። ጥሬውን እንዳልበላ፣ በንጹሕ ውሃ አጥቤ በደንብ እንዳበስል፣ ቁስል ይዤ ወንዙ ውስጥ እንዳልገባ መከረችኝ። ስትሄድ ጫማዋ ላይ የነበረው ጭቃ ደጄ ላይ ቀረ። እስኪደርቅ አልጠረግኩትም።

አዎ ወይም አይደለም እንድትለኝ ነበር የጠበቅኩት። ሁለቱንም አላለችኝም። ግን ጠፍቶብኝ የነበረው የእህል ጣዕም ያን ቀን አፌ ውስጥ ተመለሰ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ሰላጣውን አልሸጥኩትም፤ አልነቀልኩትምም። ዝም ብዬ ተውኩት። ቁመቱ ወገቤ ደረሰ፣ ጥቃቅን ቢጫ አበባ አወጣ፣ ከዚያም ነጭ ጥጥ መስሎ በነፋስ ሄደ።

«ሰላጣ እንዲህ ሲያብብ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ሁልጊዜ ቀድመን እንበላዋለን።»

ጠዋት ስነሳ አሁንም ወንዙን አያለሁ። ምን እንደለበሰ በልቤ እናገራለሁ። ኀዘኔ አልቀለለም፤ ያቺን ልጅ ሳስባት ግን ብቻዬን ያለሁ አይመስለኝም።

አሁን የምተክለው ጎመን ብቻ ነው። በቧንቧ ውሃ አጥበዋለሁ፤ ለሚገዙኝም በደንብ አብስሉት እላቸዋለሁ። የቧንቧው ውሃ በሚጠፋበት ቀን እስኪመጣ እጠብቃለሁ።