በካርታው ላይ የወለደችው ድኩላ

ካርታ ሠሪው ምራቁን የዋጠ ሰው ነበር። በዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ፣ መስኮቱ አልዘጋ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ይውላል። እንስሳት አንገት ላይ የሚታሰረው መከታተያ በሳተላይት ነጥብ ይልካል፤ እሱ ነጥቡን ካርታ ላይ አስፍሮ የት እንደሚያድሩ፣ በየት እንደሚያልፉ ያሳያል። ጡረታው ሲቃረብ እንቅልፍ የነሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከከተማው ጀርባ ያለው የሕዝብ ጫካ ድኩላ እንደሚኖርበት በካርታ ካልተረጋገጠ ለመጋዘን ሊሰጥ ነው። ሚስቱን «ታገቢኛለሽ?» ብሎ የጠየቃት እዚያ ነው፤ እሺ ያለችው ግን ዝናብ አባሯቸው ታክሲ ውስጥ ነው።

መከታተያ እንዳይታሰርባቸው ድኩላዎቹ አልያዝ አሉ። ካርታ ሠሪው መከታተያው ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብሎ አብርቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተውና ጭራሽ ረሳው። ሲሄድ ሲመጣ ሰነበተ፤ ከዚያ ጉንፋን ጥሎት ሳምንት ተኛ። በጫካው ላይ የሚወስነው ኮሚቴ ደግሞ ቸኩሏል። የቢሮው ጸሐፊ ቢቸግራት ኮምፒውተሩ በራሱ ነጥብ ያሰፈረበትን ካርታ አትማ ሰጠች።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አሉት የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከሕመሙ ድኖ ሥራ በገባበት ጠዋት። «ድኩላችን ወልዳለች!»

«የት?»

ሰብሳቢው በጣታቸው አሳዩት። ነጥቡ የተከመረው እሱ መኝታ ቤት ላይ ነበር።

«ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። ከመውለድ ሌላ ምን ያስተኛታል? ውሃ የምትጠጣው ደግሞ እዚህ፣ ጋራዡ አጠገብ ነው።»

ጋራዡ አጠገብ ያለው እሱ ምሳ ሰዓት የሚቀመጥበት ሻይ ቤት ነው። ክው አለ።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ!»

«ቃለ ጉባኤው ጸድቋል» አሉ ሰብሳቢው ፊታቸውን ቅጭም አድርገው። «ጫካው ውስጥ አንድም ነጥብ የለም፤ ለመጋዘን ይሰጣል። የሚጠበቀው የእርስዎ ሰፈር ነው።»

እውነትም ማታ ሲመለስ በሩ ላይ «ጥሩምባ መንፋት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ጎረቤቶቹ ደስታቸውን አልቻሉትም።

በማግስቱ ለመነ፣ ደጅ ጠና። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበሩም። «ካርታ የሚሻረው በካርታ ነው» አሉት። «ድኩላዋ ቤቷን ከቀየረች ኮሚቴው ምን ቸገረው?»

ካርታ ሠሪው ብርድ ልብስና ድንኳን ሲሸክፍ ሚስቱ አፏን ያዘች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤናህን ነው?»

«ጫካችን ሊሄድ ነው እኮ፣ ምን ላድርግ?»

«ጫካችን» ሲል አንጀቷን በላው። መከታተያውን በገዛ እጇ አንገቱ ላይ አሰረችለት፤ ቦርሳ ውስጥ ከከተተው ይረሳዋላ።

ጫካው ውስጥ ሲዞር ሰነበተ። እውነተኞቹ ድኩላዎች በአጠገቡ ሲያልፉ ዞር ብለውም አያዩትም ነበር። አዲሱ ካርታ ቀረበ፣ ኮሚቴው አጨበጨበ፣ ጫካው ታጠረ፣ መጋዘኑ ቀረ። ካርታ ሠሪው በደስታ አለቀሰ። ውሳኔው ላይ ግን «ነዋሪዋ እስካለች ድረስ» ተብሏል። ከወጣ ጫካው አለቀለት። መከታተያውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ እንዳይመጣ፣ ነጥቡ አንድ ቦታ ከቆመ ደግማ ወለደች ብለው ግልገሉን ለማየት ይጎርፋሉ።

ሚስቱ ምሳ ቋጥራ መጣች። አዲሱ ጥበቃ አጥሩ ጋ አስቆማት።

«ማብላት ክልክል ነው፣ እናቴ።»

«ባሌ እኮ ነው!»

«ቢሆንም። የዱር እንስሳ ሰው ከለመደ ይበላሻል። ማየት ግን ይቻላል።»

ካርታ ሠሪው ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ከስቷል። ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ ምሳ ዕቃውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። እሷም ወደ ቤት መመለሱ አልሆንልሽ አላት። ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ክዳኑን ከፈተች።

«አንተ ሳትበላ እንዴት ይወርድልኛል?» አለችው።

እሱም ከሽቦው ወዲያ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ብቻዋን እንዳትበላ ብሎ ከቁጥቋጦው ቅጠል ቀነጠበና ማኘክ ጀመረ። መራራ ነበር፤ ፊቱን ሳያጨማድድ ዋጠው። እሷም እንባዋን እየጠረገች ጎረሰች።

ጥበቃው ስልኩን አውጥቶ ቢሮ ደወለ።

«ቅጠል እየበላች ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደህና ናት።»