ለወንድሜ የመረጥኩለት ጎማ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ "ዋሽቻለሁ" ብዬ ጠቅልዬ ነው ያለፍኩት፤ እሳቸውም ጠቅልለው ፈቱኝ። ለእናንተ ግን አልጠቀልልም። ወንድሜን አታልያለሁ። ሳላውቅ አይደለም፤ አስቤበት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ አታልያለሁ።

አቃቂ በሰቃ ጎማ ቤት አለን። አባታችን ሲሞት የተረከብኩት እኔ ነኝ። ጎማ መፍታቱን፣ መለጠፉን፣ ለየትኛው መኪና የትኛው ቁጥር እንደሚሆን መለየቱን የተማርኩት ክሪክ እያነሳሁ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሚኪያስ በእጄ ነው ያደገው። አብረን ነበር የምንሠራው፤ የእሱ ልብ ግን መንዳት ላይ ነበር። ዲኤክስ የምንላትን አሮጌ ኮሮላ ገዝቶ፣ ሞተሯን አውርዶ እንደገና ሠርቶ፣ እንደ ልጅ ነበር የሚንከባከባት።

ከቃሊቲ ወጣ ብሎ የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ሰፊ ግቢ አለ። እሁድ ባዶ ስለሚሆን መኪና ወዳድ ልጆች ይከራዩታል፤ ኩርባ ኩርባውን በአሮጌ ጎማ ያጥሩና በየተራ በሰዓት እየተለኩ ይነዱበታል። አንድ ሰሞን አቶ ደሳለኝ የሚባሉ፣ ቦሌ በኩል ትልቅ ጋራዥ ያላቸው ሰው ሚኪን ሲነዳ አዩት። "በሚቀጥለው ውድድር ከቀናህ የኔን መኪና ትነዳለህ፤ ሥራህም እኔ ጋ ይሆናል" አሉት። እየሮጠ መጥቶ ሲነግረኝ አቅፌ ሳምኩት። ሆዴ ግን ሌላ ነበር።

በሳምንቱ ሁለት ዓይነት ጎማ ፊቴ አጋደመና ጠየቀኝ።

"እታለም፣ የቱን ልግጠም?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ኩርባ ለሚበዛበት ሜዳ የሚሆነው ጎኑ አጠር፣ ደረቱ ሰፋ ያለው ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ አይወላገድም፣ ከኩርባ ሲወጣም ቶሎ ይነሳል። ጎኑ ረጅም የሆነው ግን ማርሹን ያከብደዋል፤ መኪናው ይለግማል። ይህን የማያውቅ ሰው ጎሚስታ ነኝ ባይል ይሻለዋል። እኔ አውቃለሁ። እያወቅሁ ረጅሙን በእግሬ ገፋ አደረግኩለት።

"ይሄን። መሬት የሚይዝልህ ይሄ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ? ከፍ አላለም?"

"በጎማ አሳስቼህ አውቃለሁ?"

አሳስቼው አላውቅም ነበር። ያመነኝም ለዚያ ነው። ራሴ ገጠምኩለት፣ ራሴ ነፋሁለት።

እንዲዘገይ ብቻ ነበር የፈለግኩት። መሪውን ግራና ቀኝ አዙሬ፣ ጎማው ከበላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ እንደማይነካ አይቻለሁ። ያየሁት ግን መኪናዋ ቆማ ነው። በፍጥነት ስትታጠፍ ወደ ጎን እንደምትጫን ረስቼው ነው? ወይስ ላስበው አልፈለግኩም? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የማገኘውን መልስ አልወደውም።

እሁድ ደረሰ። ሰፊው ኩርባ ላይ የግራው ጎማ ፓራፋንጎውን መፋቅ ጀመረ። ጭሱን አየሁ። ወዲያው ፈነዳ። ዲኤክሷ ዞራ ዞራ የጎማውን አጥር ጥሳ ከግንቡ ጋር ተላተመች። እየጮህኩ ሮጥኩ። ሚኪ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ፤ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ፊቱ ደም በደም ሆኗል። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"አይዞሽ እታለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ኩርባውን በፍጥነት ገባሁበት።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አቶ ደሳለኝ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እኔም ሰዉ ሚኪን ከቦ ሳለ፣ የተፋቀውን ጎማ ፈትቼ ከሰው ዓይን ሰወርኩት። ወንድሜ እየደማ እኔ ጎማ እደብቅ ነበር።

"ለሕይወቱ ሰግታ ነው" የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እባካችሁ አትበሉልኝ! ለሕይወቱ የሰጋች እህት በማይሆን ጎማ አትሸኘውም። የሰጋሁት ለራሴ ነው፤ ጥሎኝ ሄዶ ከዚያ ጎማ ቤት ጋር ብቻዬን እንዳልቀር። የባሰም አለ፤ ቀንቼበታለሁ። መኪናን ከሱ አብልጬ አውቃለሁ፤ "አንቺስ አትነጂም?" ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ይህ እውነት ነው፣ ዛሬም ያንገበግበኛል። ግን አላሳብብበትም። የናቀኝ ሌላ፣ የቀጣሁት ሚኪን።

ሚኪ ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ አግብቷል፣ የሠራተኞች ሰርቪስ ይነዳል። ዲኤክሷን በዚያው ሰሞን ሸጣት። በቀደም ቤቱ ተሰብስበን ሳለ የሚስቱ ወንድም ስለ መኪና ውድድር አነሳ። ሚኪ ሳቀና "እኔ እኮ ለውድድር የሚሆን እጅ የለኝም፤ እግዜር በጊዜ አሳይቶኛል" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር አልነበረም ያሳየው። የኔን ውሸት የራሱ ድክመት አድርጎ ተቀብሎ ይኖርበታል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ!

አሁንስ በቃኝ። ነገ ገላን እሄዳለሁ። "ይቅር በለኝ" ብዬ ግን አልጀምርም። ልቡን አውቀዋለሁ፤ ቃሉን ሳልጨርስ ይቅር ይለኛል፣ ነገሩም ተመልሶ ይዳፈናል። እናንተም አትማሩኝ፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። መጀመሪያ እጁ ምንም እንዳልጎደለው ይስማ። የትኛውን ጎማ እንደሰጠሁት፣ ለምን እንደሰጠሁት ይስማ። ይቆጣ። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጪ ቢለኝ፣ ደጁ የራሱ ነው።